እርጎ፣ ጭስና የአዋሽ ዳር ሙቀት፦ ወተታችን ከእናቶቻችን እቃ ወደ ጀሪካን እንዴት ተሻገረ?

 

ሰሞኑን ዱብቲ ገበያ ዳር አንዲት እናት በጀሪካን ያመጣችውን ወተት መሬት ላይ ስትደፋ አየሁ። ሌሊት ታልቦ፣ ከሩቅ ተጉዞ፣ ፀሐዩ ገና ሳይበረታ ተበላሽቶባታል። አምስት ሊትር ያህል ይሆናል። ዝም ብላ ደፋችው፣ ጀሪካኗን በውሃ አለቀለቀችና ሄደች። እዚህ አገር ወተት ሲደፋ ማየት የለመድነው ነገር ስለሆነ ማንም ዞር ብሎ አላየም። እኔን ግን ሆዴን በላኝ። የእኔም እጅ ያለበት ነገር ነውና፣ እንዴት እንደሆነ ወደ ኋላ እነግራችኋለሁ።

በዚህ ገጽ ብዙ ጊዜ የማወራችሁ ስለ መኖ፣ ስለ ክትባትና ስለ ዘር ነው። ዛሬ ግን የእርጎን ታሪክ ላውራችሁ። «ታሪክ ለእኛ ለከብት ጠባቂዎች ምን ያደርግልናል?» የሚል አይጠፋም። ምን መሰላችሁ፣ እርጎ ማርጋት በእናቶቻችን እጅ የነበረ እውቀት ነው፤ በየት በኩል ከእጃችን እንደወጣ ካላወቅን ስንመልሰውም እንሳሳታለን። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፣ እንዳያምታታችሁ።

ከስሙ እንጀምር። እርጎ የሚለው ቃል የመጣው «ረጋ» ከሚለው ነው። የረጋ፣ ያልተነካካ ወተት ማለት ነው። ስሙ ራሱ አሠራሩን ይነግራችኋል፤ ወተት ሲንቀሳቀስ ከዋለ በደንብ አይረጋም። ከረጋ በኋላ ግን ይናጣል፣ ቅቤው ይወጣል፣ አሬራው ይቀራል፣ አሬራው እሳት ሲያገኝ አይብና አጓት ሆኖ ይለያል። ደጋው ላይ ወተት በብዛት በዚህ መንገድ ወደ ቅቤ የሄደበት አንዱ ምክንያት ጾም ነው። ክርስቲያኑ በዓመት ውስጥ ብዙ ቀን ከወተት ይጾማል፤ ላሟ ግን ጾም አታውቅም፣ ትታለባለች። የጾም ወተት እርጎ ሆኖ፣ ቅቤ ሆኖ፣ ተነጥሮ ለፋሲካ ይቆያል። በእኛ ቆላ ነገሩ ሌላ ነው። ለአርብቶ አደሩ ወተት ማባያ ሳይሆን ምግብ ነው፤ በረመዳን ማፍጠሪያም ሆነ በመንገድ ስንቅነት የሚፈለገው ራሱ ወተቱ ነው። ስለዚህ የአዋሽ ዳር ሰው ጭንቀት ሁልጊዜ አንድ ነበር፤ ይህን ወተት ከዚህ ሙቀት እንዴት ላሳልፈው?

መልሱ እቃው ውስጥ ነበር። ደጋው ቅልና እንስራ ይዟል፣ ኦሮሞው ጮጮ አለው፣ የአፋር እናቶች ደግሞ ከዘንባባ ቅጠል ጠበቅ አድርገው የሰፉት የወተት እቃ አላቸው። ቅርጹ ይለያይ እንጂ የሚደረግለት ነገር ያው ነው። እቃው ታጥቦ ይደርቃል፤ ከዚያ ይታጠናል። ደጋው ወይራ ይመርጣል፤ ቆላው ካሉት እንጨቶች ጥሩ ጭስ ያለውን ያውቃል። የነደደው እንጨት ጫፍ እቃው ውስጥ ይገባል፣ አፉ ይከደናል፣ ጭሱ ግድግዳው ውስጥ እስኪሰርግ ይቆያል፣ ከዚያ ከሰሉ ተጠርጎ ይወጣል። ብዙ ቤት ደግሞ ከትናንቱ እርጎ ጥቂት ከሥሩ ይተዋል፤ እሱ ለዛሬው እርሾ ነው።

ይህን ሁሉ «ለሽታ ነው» እያልን ስናልፈው የኖርን የተማርን ሰዎች ብዙ ነን። አገራችን ውስጥ ሞገሴ አሸናፊ የሚባሉ የጥቃቅን ሕዋሳት ተመራማሪ ግን ነገሩን ቁም ነገር ብለው መረመሩት። በ1996 ባሳተሙት ጥናት የእቃ መታጠንና የሙቀት መጠን በሚረጋ እርጎ ላይ ምን እንደሚያደርጉ ለክተው አሳይተዋል። ጭሱ ወተቱ ውስጥ የሚራቡትን ጀርሞች ያዘገያቸዋል። ሁሉንም ይገድላል ማለት አይደለም፤ ያዘገያል። ዱብቲ ላይ ደግሞ ማዘግየት ማለት ትልቅ ነገር ነው። ሙቀት ባለበት ቦታ የሚያበላሹ ጀርሞች በግማሽ ሰዓት ውስጥ እጥፍ ሊሆኑ ይችላሉ። ሁለት ሰዓት ማዘግየት ወተቱን ገበያ አድርሶ መመለስ ነው።

የዚህ እውቀት ጫፉ የት እንደደረሰ ማየት የሚፈልግ ኢቲቱን ይይ። ከእኛ ወደ ላይ፣ አዋሽን ይዛችሁ ፈንታሌ ስትደርሱ ከረዩዎች ይሠሩታል፤ ወደ ደቡብ ቦረናም የታወቀ ነው። ቦረናዎች ጎርፋ የሚባል ከእጽዋት ጭረት የተሰፋ እቃ ያጥናሉ፣ ወተቱን ያረጋሉ፣ አጓቱን ይቀንሳሉ፣ ትኩስ ወተት ይጨምሩበታል፣ እንደገና ያረጋሉ። እቃው ወፍራም እርጎ እስኪሞላ ይህ ይደጋገማል። እንዲህ የተሠራ ኢቲቱ ያለ ፍሪጅ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይቆያል። ዝናብ ጊዜ የተረፈውን ወተት ለበጋ ማሻገሪያ ነው እንግዲህ። ያለ ፍሪጅ፣ ያለ ፋብሪካ።

ታዲያ ይህ ሁሉ እያለን ጀሪካኑ ከየት መጣ?

ዱብቲን ዛሬ የምናውቃት ከተማ ያደረጋት ጥጥ ነው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ሚቸል ኮትስ የሚባለው የእንግሊዝ ኩባንያ ከመንግሥት ጋር ሆኖ የተንዳሆን እርሻ አቋቋመ። በ1962 የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን ተመሠረተ። ወንዙን ተከትሎ ከወንጂ ሸንኮራ እስከ ተንዳሆ ጥጥ ድረስ እርሻ ተዘረጋ። ለጥጥ የተመረጠው መሬት ደግሞ የትኛው እንደነበር ሽማግሌዎቻችንን ጠይቁ፤ አዋሽ ሞልቶ ሲመለስ ሣር የሚያበቅለው፣ በጋ ሲከፋ ከብት የሚወርድበት መሬት ነበር። ለዓመቱ በሙሉ ሲታይ ከግጦሹ ጥቂት ይመስላል። ነገር ግን ከብቱ ከበጋ የሚያልፈው በእሱ ነው። መሰላሉን አንድ ደረጃ ብትቆርጡት ወደ ላይ እንደማትወጡት ማለት ነው።

ድርቁ ሲመጣ ውጤቱ ታየ። በ1972 እና 1973 ወሎን የመታው ረሀብ በአፋር አርብቶ አደር ላይ ከሁሉ በርትቶ ነበር። ሕንዳዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ አማርትያ ሴን በ1981 ባሳተሙት የረሀብ ጥናት ይህን አንስተውታል። ዝናቡ ብቻ አይደለም የጎዳው፤ የበጋው ግጦሽ በእርሻ መያዙም ነው። ከዚያም ላይ የከሳው ከብት ዋጋ ወርዶ የእህሉ ስለጨመረ ያለቀውም የተረፈውም ከብት ባለቤቱን ማብላት አቃተው ይላሉ። «ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ» የሚባለው እንዲህ ዓይነቱ ነው። በ1975 እርሻው በመንግሥት ተወረሰ፤ ባለቤቱ ተቀየረ እንጂ መሬቱ ወደ ሣር አልተመለሰም። በቅርብ ዘመን ደግሞ የጥጡ መሬት ለሸንኮራ አገዳ ተሰጠ። በዚህ መካከል ያ እሾሃም ፕሮሶፒስ መጥቶ የቀረውን ግጦሽ ሲወርሰው ሁላችሁም አይታችኋል።

እርሻው ግን ሌላም ነገር አመጣ፦ ሰው። ከወሎ፣ ከትግራይ፣ ከሌላም አገር ጥጥ ለቃሚ መጣ፣ ሠራተኛ ሰፈረ፣ ሱቅ ተከፈተ፣ የጅቡቲ መንገድ መኪና በዛበት። በድሮው የአፋር ባህል ወተት ለእንግዳ ይሰጣል እንጂ አይሸጥም ነበር። ከብቱ ሲያንስና እህል በገንዘብ ሲሆን ግን እናቶች ወተት ይዘው ወደ ከተማ መውጣት ጀመሩ። ሽያጭ ሲመጣ ደግሞ በእጅ የተሰፋ፣ አንድና ሁለት ሊትር የሚይዝ የዘንባባ እቃ አይበቃም። መኪና ላይ ይጨፈለቃል፣ ደንበኛው «ጭስ ጭስ ይላል» ይላል። የዘይት ጀሪካን ግን ርካሽ ነው፣ አይሰበርም፣ አህያ ላይ ይታሰራል። ማንም ክፉ አስቦ አይደለም። በአንድ ትውልድ ውስጥ ወተቱ ከታጠነው እቃ ወደ ጀሪካን ተሻገረ፤ ሁለት ነገር ግን አብሮት አልተሻገረም፤ ጭሱና እርሾው። ጀሪካኑ አይታጠንም፤ አፉ ጠባብ ስለሆነ እጅ ገብቶም አያጥበውም። ውስጡ በጫረ ቁጥር ጭረቱ የቆሻሻ መደበቂያ ነው።

አሁን ወደ እኔ ጥፋት ልምጣ። ለሥራው አዲስ ሳለሁ በአንድ ቀበሌ እናቶችን ሰብስቤ ስለ ወተት ጥራት አስተማርኩ። ያልኳቸው ሁለት ነገር ነው፤ ወተቱን አፍሉት፣ ያንን ጥቁር እቃ ጥላችሁ ንጹሕ ፕላስቲክ ተጠቀሙ። አጨበጨቡልኝ። ከአንድ ወር በኋላ ስመለስ አንዲት እናት፣ በዕድሜ እናቴ የምትሆን፣ ፊት ለፊት ቆማ «አንተ ልጅ፣ ወተታችንን ምን አደረግከው? ድሮ ይረጋ ነበር፤ አሁን ይገማል፣ ይመራል» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። «በደንብ አላጠባችሁት ይሆናል» ብዬ አለፍኩ። ዛሬም ሳስበው አፍራለሁ።

እሷ ትክክል ነበረች። ጥሬ ወተት ሳይፈላ ሲቀመጥ እርጎ የሚያደርጉት ጠቃሚ ሕዋሳት አብረውት አሉ፤ ከከብቱ፣ ከእጅ፣ ከእቃው ይመጣሉ። የወተቱን ስኳር በልተው አሲድ ያደርጉታል፣ አሲዱ ወተቱን ያረጋዋል፣ ሌሎቹን ጀርሞችም ያባርራል። ወተቱ ሲፈላ ጎጂዎቹም ጠቃሚዎቹም አብረው ያልቃሉ። ከዚያ እርሾ በሌለበት ፕላስቲክ ውስጥ ሲገባ ባዶ ቤት ነው፤ ቀድሞ የገባው ይወርሰዋል። ሙቀት ችለው የተረፉና ከአቧራ የሚገቡ ጀርሞች ሲቀድሙ ወተቱ ከመኮምጠጥ ይልቅ ይበሰብሳል። እኔ እርሾውን ቀምቼ ምትኩን አልሰጠሁም ማለት ነው።

«እንግዲያው አለማፍላት ይሻላል» እንዳትሉኝ ደግሞ። ጥሬ ወተት የሳንባ ነቀርሳና ከብት የሚያስወርደውን ብሩሴሎሲስ ወደ ሰው ያስተላልፋል፤ መኮምጠጡም ሆነ ጭሱ ለእነዚህ አስተማማኝ መድኃኒት አይደሉም። ትኩሳት፣ የመገጣጠሚያ ሕመም፣ ማላብ እያመላለሰ «ወባ ነው» እየተባለ የሚታከም ስንት ሰው አለ። ማፍላቱ ልክ ነበር። የጎደለው እርሾው ነው።

እርሾ ምን እንደሆነ ዓለም ያወቀውም ሩቅ ዘመን አይደለም። ሰው ወተት በሸክላ ማስቀመጥ ከጀመረ ከ8 ሺህ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ በቱርክ አገር የተገኙ የሸክላ ስብርባሪዎች ላይ የወተት ስብ ተገኝቷል። ወተት የሚያኮመጥጠው ሕይወት ያለው ነገር መሆኑን ግን ፈረንሳዊው ሉዊ ፓስተር ያሳየው በ1857 ነው። በ1905 ደግሞ ስታመን ግሪጎሮቭ የሚባል የቡልጋሪያ ወጣት፣ ጄኔቫ ውስጥ ሕክምና እየተማረ፣ የአገሩን እርጎ በማይክሮስኮፕ ሲያይ ዘንግ የሚመስል ባክቴሪያ አገኘ። በአገሩ ስም ቡልጋሪከስ ተባለ። በፓሪስ የፓስተር ተቋም የነበረው ሜችኒኮፍ «የቡልጋሪያ ገበሬ ዕድሜው የሚረዝመው ከእርጎው ነው» የሚል ሐሳብ አስፋፋ። ዕድሜ ማርዘሙ አልተረጋገጠም፣ እርጎን ግን ታዋቂ አደረገው። በ1919 ይስሐቅ ካራሶ የሚባል ነጋዴ ባርሴሎና ላይ እርጎ ማምረት ጀመረና በልጁ በዳንኤል ቁልምጫ ዳኖን ብሎ ሰየመው። መጀመሪያ ይሸጥ የነበረው የት መሰላችሁ? ፋርማሲ ውስጥ!

ለምን ይህን ነገርኳችሁ? የቡልጋሪያው እርሾ የሚወደው ሙቀት ከ42 እስከ 45 ዲግሪ ስለሆነ ነው። ፈረንጅ ይህን ሙቀት ለማግኘት ማሽን ይገዛል። የደጋው እርጎ ሕዋሳት ቀዝቀዝ ያለ ይወዳሉ፣ ለዚህ ነው ደጋ ላይ ወተት ለመርጋት 2 እና 3 ቀን የሚፈጀው። ዱብቲ ግን ከባሕር ወለል በላይ 400 ሜትር አትሞላም፤ በበጋው ቀን ከ40 ዲግሪ በላይ ነው። ያቺ እናት ወተቷን ያስደፋት ሙቀት ለዚህ እርሾ ሠርጉ ነው። ቀድሞ የሚገባው ጎጂው ጀርም ይሁን እርሾው፣ ነገሩ ያለው እዚያ ላይ ነው።

እሺ፣ አሠራሩን ልንገራችሁ። ወተቱን አጥልላችሁ አፍሉት፤ ከፈላ በኋላ እሳቱን ቀንሳችሁ ጥቂት ደቂቃ አቆዩት፣ እርጎው ወፈር ይላል። ከዚያ ተከድኖ ይብረድ። ቴርሞሜትር የለም አትበሉኝ፤ ንጹሕ ትንሿን ጣታችሁን አስገብታችሁ ሳታቃጥላችሁ እስከ 10 መቁጠር ከቻላችሁ ደርሷል። ካቃጠላችሁ እርሾውንም ያቃጥለዋል። ለአንድ ሊትር ሁለት የሾርባ ማንኪያ እርሾ ይበቃል። ለመጀመሪያ ጊዜ ስኳርም ፍራፍሬም የሌለበት የሱቅ እርጎ ግዙ፣ ወይም እርጎዋ ጥሩ ከሆነች ጎረቤት ለምኑ። እርሾውን መጀመሪያ በጥቂት ወተት በጥብጡት፣ ከዚያ ወደ ዋናው ጨምራችሁ አንዴ አማስሉና አፉ ሰፊ በሆነ እቃ ክደኑት። ከዚያ በኋላ አትነካኩት፤ ስሙ እርጎ ነው ብያችኋለሁ። በሞቃቱ ወራት ጥላ ውስጥ ማስቀመጥ ብቻ ይበቃል፣ ፀሐይ ላይ ግን በፍጹም። ከጥቅምት እስከ ጥር ሌሊቱ ስለሚበርድ በብርድ ልብስ ጠቅልሉት። ከ4 እስከ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ይረጋል።

የታጠነውን እቃ አትጣሉ፤ ያንን ያልኩትን ቃሌን እዚህ ላይ እመልሳለሁ። የፈላውን ወተት ከነእርሾው በታጠነ እቃ ውስጥ ማርጋት ትችላላችሁ። ጭሱ እርሾውንም ትንሽ ስለሚያዘገየው ታገሡት። ከሰሉን ግን በደንብ ጥረጉ፤ ጥላሸት የሚጠጣ ነገር አይደለም።

ሁለት ጊዜ ሞክራችሁ ካልረጋ እርሾውን ከመውቀሳችሁ በፊት ላሟ በቅርቡ መድኃኒት ተወግታ እንደሆነ አስቡ። ጡቷ አብጦ አንቲባዮቲክ የተሰጣት ላም ወተት እርሾውን ይገድለዋል፤ ብታፈሉትም መድኃኒቱ አይጠፋም። የእንስሳት ሐኪሙ «ይህን ያህል ቀን አይጠጣ» ሲላችሁ እውነቱን ነው፤ የማይረጋ እርጎ ምስክሩ ነው።

የግመል ወተት ያላችሁ ደግሞ እንዳትሳሳቱ። የግመል ወተት እንደ ላም ድርቅ ብሎ አይረጋም፣ ተፈጥሮው ነው። ይኮመጥጣል፣ ይወፍራል፣ እንደሚጠጣ ሆኖ ይቀራል። ተበላሸ ብላችሁ አትድፉት። የፍየልም ለስለስ ይላል። ማንኪያ የሚያቆም እርጎ ከፈለጋችሁ ከላም ወተት ጋር ቀላቅሉት።

ከረጋ በኋላ መቀዝቀዝ አለበት፣ አለበለዚያ እየኮመጠጠ ይሄዳል። ፍሪጅ ከሌላችሁ እንስራ ፈልጉ። እርጎው ያለበትን ክዳን ያለው እቃ እንስራው ውስጥ አስገቡ፣ እንስራውን በእርጥብ ጆንያ ጠቅልላችሁ ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ውስጥ አስቀምጡ፣ ጆንያው በደረቀ ቁጥር አርጥቡት። አየራችን ደረቅ ስለሆነ ይህ ዘዴ ከደጋው ይልቅ እዚህ ይሠራል። ለነገ እርሾ የሚሆነውን ማንም ማንኪያ ሳያስገባበት ቀድማችሁ ለዩት። በጥቂት ቀን ውስጥ ካልተጠቀማችሁበት ወይም ጣዕሙ ከተቀየረ በአዲስ ተኩት።

የማታውን ወተት ሌሊት ብታረጉት ጠዋት ወደ ገበያ የምትወስዱት የኮመጠጠ፣ ራሱን የሚከላከል እርጎ ነው። በትናንሽ ክዳን ባለው እቃ ውስጥ እዚያው አርጉት፣ መንገድ ላይ እንዳይናጥባችሁ።

አንድ ነገር ልለምናችሁ። እናቶቻችሁና አያቶቻችሁ የወተት እቃ የሚያጥኑበትን የቆላ እንጨት ስሙን በአፋርኛም በአማርኛም ላኩልኝ፣ በድምፅም ይሆናል፤ ቅጠሉንም ፎቶ አንሱት። የትኛው ለላም፣ የትኛው ለግመል ወተት እንደሚመረጥ የሚያውቁ ሽማግሌ ካሉ ዘንድሮ ጠይቋቸው። ያቺን የተቆጣችኝን እናት ልጠይቃት ሄጄ ነበር፤ መንደሩ ወደ ሌላ ቦታ ተነሥቷል፣ አላገኘኋትም።